የበጋ ወፍ ቆጠራ በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲቃረብ ጥያቄው ይበዛል። አንዳንዱ ባጃጅ ውስጥ ይጠይቀናል። አንዳንዱ አንገታችን ላይ የተንጠለጠለውን ባይኖኩላር አይቶ መንገድ ላይ ያስቆመናል። ደጋግመን የምንሰማቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበን መልሰናል። እኛ ሌላ መተዳደሪያ ሥራ ያለን፣ በበጋ አንድ ጠዋት ወጥተን የከተማችንን ወፎች የምንቆጥር የድሬ ሰዎች ነን።

ወፍ ቆጠራ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተከፋፍለን እንወጣለን። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ መንገድ አለው። መንገዱን ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ያየውን ወፍ በየዓይነቱ ቆጥሮ ይጽፋል። ይኸው ነው። ወፍ አይያዝም፣ ጎጆ አይነካም፣ በስልክ ድምፅ እያሰሙ ወፍ መጥራትም የለም።

በዓመቱ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት እንደገና እንቆጥራለን። ቁምነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ዓመት ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ሲደራረብ ግን የትኛው ወፍ እየበዛ፣ የትኛው እየሳሳ እንደሄደ ፍንትው ብሎ ይታያል። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲመጣ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ «ማዶ ያለው ሰፈር ብዙ ወፍ አለው» ብላችሁ የተሰጣችሁን መንገድ አትቀይሩ።

ከየት የመጣ ነገር ነው? የፈረንጅ ፋሽን ነው?

የተጀመረው አሜሪካ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ በገና ዕለት በቡድን ወጥቶ ያገኙትን ወፍና አውሬ መተኮስ የተለመደ ነበር። ብዙ የገደለው ቡድን አሸነፈ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ተመራማሪ በዚህ ፋንታ ወፎቹን እንቁጠራቸው የሚል ሐሳብ አመጣ። በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች በ25 ቦታ ቆጠሩ። ዛሬ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሳተፉበታል።

የውሃ ወፎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በብዙ አገሮች በየዓመቱ በጥር ሰሞን ይቆጠራሉ። የአፍሪካው ቆጠራ የተጀመረው በ1991 ነው። አገራችን ውስጥ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በወፍ ጉዳይ ስሙ ቀድሞ የሚነሳ ነው።

ፋሽን ነው ለሚለው ግን አንስማማም። የወፍን መምጣትና መሄድ አይቶ ወቅት መለየት የገበሬውና የአርብቶ አደሩ የቆየ እውቀት ነው። እኛ የምንጨምርበት እስክሪብቶና ወረቀት ነው።

ለምን ጥር ላይ?

በዚህ ወቅት አውሮፓና መካከለኛው እስያ በረዶ ነው። ነፍሳት ይጠፋሉ፣ ውሃው ይረጋል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ወፍ ወደ ደቡብ ይተማል፤ ጥቂት የማይባለው እኛ ዘንድ ይቆያል። ጥር ላይ አብዛኛው ጉዞውን ጨርሶ የሚቆይበትን ቦታ ይዟል። መጋቢት ላይ መመለስ ይጀምራል። መንገድ ላይ ያለ ወፍ ዛሬ ድሬ፣ ነገ አዋሽ ሊታይና ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። አርፎ የተቀመጠውን መቁጠር ይሻላል።

ለሰውም ቢሆን ጥር ጥሩ ነው። ድሬ ጠዋት ጠዋት ነፋሻ የምትሆንበት ወር ነው። በግንቦት ወበቅ ሁለት ሰዓት በእግር ሂዱ ብንል ማን ይመጣል?

ቀኑን የምንመርጠው በዓላቱን አይተን ነው። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ስለሆነ ከተማውም መንገዱም በተጓዥ ይጨናነቃል። ከዚያ ገና አለ፣ ከዚያ ጥምቀት። ጥምቀት እንዳለፈ ያለው ቅዳሜ ይመቻል። ዓርብም እሑድም ያልሆነበት ምክንያት ግልጽ ይመስለናል፤ ማንም ከጸሎቱ እንዲቀር አንፈልግም።

በስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?

ጠዋት 12:30፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እንገናኛለን። 2:30 ላይ እንጨርሳለን። ወፍ ሲንጫጫ ያልተነሳ ሰው ግማሹን ቆጠራ አጥቶታል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ አብዛኛው ወፍ ጥላ ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ነው የምትበረታው።

ድሬ ውስጥ ከቁራና ከእርግብ ሌላ ምን ወፍ አለና?

ሞልቷል! ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዓይነት የተመዘገበባት አገር ናት። ድሬ ደግሞ የተቀመጠችው ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ፣ ቆላው በሚጀምርበት፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የቆላው ወፍ ቤቱ ነው፤ የደጋውም አንዳንዴ ብቅ ይላል።

ከከዚራ እንጀምር። እነዚያ ጥላቸው መንገዱን የሚሸፍነው ዛፎች ባዶ የሚመስሉት ቀና ብሎ ለማያይ ሰው ብቻ ነው። ጀርባው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ፣ በሁለቱ መካከል ነጭ መስመር ያለው፣ ዓይኑ ነጭ የሆነ ወፍ ታያላችሁ። ሰው አይፈራም፤ ፍርፋሪ ካለ እግራችሁ ሥር ይመጣል። ሌላው ረጅም ጅራት ያለው፣ ራሱ ላይ ጉትዬ ያቆመ ግራጫ ወፍ ነው። እሱን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ፤ ዛፍ ላይ የወጣ በግ ይመስላል ድምፁ።

ባቡር ወደ ድሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የድሮ ሕንፃዎች ጣሪያና ቀዳዳ ዛሬ የእርግቦች ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁ እርግቧ አንድ ዓይነት አይደለችም። አንዷ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ በክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አላት። ሌላዋ አነስ ያለች ናት፤ ደረቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ስትጮህ የምትስቅ የምትመስለው። ሁለቱን ለያይታችሁ ጻፉ።

ቀፊራ ገበያ ላይ ጭልፊት ይበዛል። ሥጋ ባለበት ሁሉ አለ። ጅራቱ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ ሲዞር ጅራቱን እንደ መሪ ወዲህ ወዲያ ያጣምማል።

እኛ ከሁሉም አብልጠን የምንወዳት ግን ውሃ ዳር የምትገኘውን ትንሿን ወፍ ነው። የደቻቱ ወንዝ በበጋ አሸዋ ነው፤ ነገር ግን የሆነ ቦታ ላይ ውሃ ያቋጥራል፣ ወይ ሰፈር ውስጥ የፈነዳ ቧንቧ ይኖራል። እዚያ ቁሙና ጠብቁ። ጀርባዋ ግራጫ፣ ፊቷ ነጭ፣ ደረቷ ላይ ጥቁር ምልክት አላት። ሮጥ ትላለች፣ ትቆማለች፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ ዝንብ ትቀልባለች፣ እንደገና ሮጥ። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። ግንቦት ላይ ይህች ወፍ አውሮፓ ወይም ምዕራብ እስያ ውስጥ ጎጆ ላይ ትሆናለች። በጥር የኛ ሰፈር ቧንቧ ላይ ናት። መንገደኛ ቆም ብሎ ቢያያት ደስ ይለናል።

ወደ ሰማይም ማየት አትርሱ። በጥቅምትና በኅዳር ንስሮች ከየመን ወደ ጅቡቲ በባብ ኤል ማንደብ ጠባብ ባሕር ላይ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጅቡቲ ላይ ሆነው የቆጠሩ ሰዎች ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ነጣቂ ወፍ መዝግበዋል። ድሬ ከጅቡቲ በባቡር መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጥር ላይ ከከተማው በላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ትልቅ ቡናማ ንስር ካያችሁ ከካዛኪስታን ሜዳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ብርቅ የሆነውን ወፍ መፈለግ አይሻልም? እርግብና አሞራ መቁጠር ምን ይጠቅማል?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ረዘም አድርገን እንመልሳለን፤ ቆጠራው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና።

ብርቅ ወፍ ቢጠፋ ቶሎ ይታወቃል፤ የሚፈልገው ሰው አለ። ተራው ወፍ ሲቀንስ ግን ማንም ልብ አይልም። ትናንት መቶ ነበር፣ ዛሬ ሰማንያ ነው፤ ዓይን ይህን አይለይም። ቁጥር ነው የሚለየው።

ህንድን እንመልከት። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ እዚያ ጥንብ አንሳ ከመብዛቱ የተነሳ ይጠፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዚያ በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ሦስት ዓይነት ጥንብ አንሶች ከመቶ ከ95 በላይ ቀነሱ። ቀድሞ ማስጠንቀቂያ የሆነው ከዓመት ዓመት ቦታው ላይ ሆኖ የሚቆጥር ሰው መኖሩ ነው። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ፤ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱን የወሰደች ላም ስትሞት፣ ሥጋዋን የበላው አሞራ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። ህንድ በ2006 መድኃኒቱን ለከብት መስጠት ከለከለች። እስከዚያው ግን ጥንቡን የሚያነሳ ጠፍቶ የባለቤት አልባ ውሻ ቁጥር ንሯል፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም።

አሁን ወደ ድሬ እንመለስ። ቄራ ወይም የቆሻሻ መጣያ አካባቢ በጠዋት ብትሄዱ አንድ ትንሽ ቡናማ ጥንብ አንሳ አጥር ላይ ተቀምጦ ታያላችሁ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ብዙም አይሸሽም። ፊቱ ላባ የለውም፣ ሮዝ ነው። ማጅራቱ ላይ ለስላሳ ቡናማ ጸጉር አለ። ሌላ አሞራ ሲጋፋው ወይም ሥጋ ሲያይ ፊቱ ላይ ደም ይወጣና ቀይ ይሆናል። ምንቃሩ ከትልልቆቹ አሞሮች ቀጭን ነው፤ እነሱ በልተው ከተውት አጥንት መሃል የቀረችውን ቁራጭ ይለቅምበታል። ይህ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው።

አጠገቡ ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ፊቱ ቢጫ የሆነ ሌላ ጥንብ አንሳ ካለ እሱም ለአደጋ የተጋለጠ ነው። አገር ውስጥ የሚራባ አለ፤ ከባልካን፣ ከቱርክና ከካውካሰስ የሚመጣም አለ። ሳተላይት መከታተያ ታስሮላቸው የተከተሏቸው ተመራማሪዎች ብዙዎቹ በጋውን እዚህ በእኛ ምሥራቅ ቆላና በአፋር እንደሚያሳልፉ አይተዋል። የሚገድላቸው ለጅብና ለውሻ የተቀመጠ መርዝ፣ ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ መስመር፣ እና የመሳሰለው ነው።

አሞራ ድንጋይ የሚወረወርበት፣ ስሙ ለስድብ የሚውል ወፍ ነው። እኛ ግን አሞራ ሲቆጥር የዋለን ሰው ትልቅ ሥራ ሠራ እንላለን። ቄራው መንገድ ላይ የሚመደብ ሰው ሲጠፋ በጣም ነው የምናዝነው።

የወፍ ስም አላውቅም። መምጣት እችላለሁ?

ኑ። እያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚያውቅ ሰው እናደርጋለን። እናንተ ዓይን ትሆናላችሁ፣ ወይ ትጽፋላችሁ።

ስሙን ያላወቃችሁትን ወፍ ግን በግምት አትሰይሙት። መልኩን ጻፉ። መጀመሪያ መጠኑን፦ ከድንቢጥ ይበልጣል? ከእርግብ ያንሳል? ቁራ ያህላል? ቀጥሎ ምንቃሩን፣ ጅራቱን፣ ቀለሙን፣ ምን ሲያደርግ እንደነበር። በስልክም ቢሆን ፎቶ ካነሳችሁ ጥሩ ነው። ስሙን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪኛ የምታውቁት ከሆነ እንደምታውቁት ጻፉት፤ የሚያመሳክር ሰው አይጠፋም። መርሊን የሚባለው ነፃ አፕ ከፎቶ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ ግን እሱ ስላለ ብቻ አምናችሁ አትጻፉ።

ባይኖኩላር የለኝም።

አያስፈልግም። ከተማ ውስጥ አብዛኛው ወፍ ቅርብ ነው። ኮፍያ፣ ውሃ፣ የማይጮህ ቀለም ያለው ልብስ፣ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል። ቡድኑ ውስጥ ያለው አንድ ባይኖኩላር በየተራ ይታይበታል።

መንጋ ሲሆን እንዴት ይቆጠራል? አንዱን ሁለት ጊዜ ብቆጥረውስ?

ለመንጋ ያለው ዘዴ ቀላል ነው። መጀመሪያ አሥር ወፍ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ያ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ በዓይናችሁ ያዙ። ከዚያ መንጋው ውስጥ እንደዚያ ያለ ቦታ ስንት እንዳለ ቁጠሩ። ስምንት ከሆነ ሰማንያ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ቢያስተያይ ደግሞ ይበልጥ ይታመናል። «ብዙ» ወይም «መዓት» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ግን ምንም ልናደርግበት አንችልም። ግምትም ቢሆን ቁጥር ጻፉ።

ሁለት ጊዜ ስለመቁጠር፦ እየሄዳችሁ ከሆነ ከኋላ ወደ ፊት አልፏችሁ የበረረውን አትድገሙት። አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ የምትቆጥሩ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት በአንድ ጊዜ አብረው ያያችኋቸውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ያዙ። በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ሦስት ጭልፊት፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሁለት ካያችሁ የምትጽፉት አምስት ነው፤ አሥር አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በጓሮ ወፍ ቆጠራቸው የሚጠቀሙበት መንገድ ይኸው ነው። በዚያም የድንቢጥ ቁጥር ከግማሽ በላይ መውረዱ ተመዝግቧል።

ሄጄ ሄጄ ወፍ የለም ቢሆንስ?

ዜሮ ጻፉ። የምር ነው። ባዶ ወረቀት ይዞ መምጣት የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ ሁለት ሦስት ወፍ ጣል አድርገው ይሞሉታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዘንድሮ ዜሮ የነበረ መንገድ ላይ ዛፍ ተተክሎ ከዓመታት በኋላ ሃያ ወፍ ቢገኝ፣ ያቺ ዜሮ ባትኖር ምን ጋር እናስተያየዋለን?

የሌሊት ወፍ ይቆጠራል? ዶሮስ? ግሪሳስ?

የሌሊት ወፍ አይቆጠርም፤ ልጇን የምታጠባ እንስሳ ናት። ዶሮም፣ ቤት ውስጥ የሚረባ እርግብም አይቆጠርም። ባለቤት የሌላት የከተማ እርግብ ትቆጠራለች። ግሪሳ ይቆጠራል፤ ትልቅ መንጋ ያየ ሰው ደግሞ ቅርብ ላለው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ ማሽላ ላለው ገበሬ ውለታ ነው። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ጎጆ ወፉ ከሌለበት አይቆጠርም። ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ እርግጠኛ የሆናችሁበት ወፍ ይቆጠራል፤ ጎኑ ላይ «በድምፅ» በሉ።

በተለይ ዓይናችንን እንድንጥልበት የምትፈልጉት ወፍ አለ?

አለ። አንገቱና ደረቱ ግራጫ የሆነ ቁራ። ይህ ቁራ የደቡብ እስያ ነው፤ በመርከብ ተሳፍሮ ብዙ ወደቦች ደርሷል፣ ጅቡቲም ገብቶ ረብቷል። የሌሎችን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ስለሚበላ የገባበትን ከተማ ወፍ ያራቁታል። የኛዎቹ ቁራዎች ሌላ ናቸው፤ አንዱ ደረቱ ላይ ነጭ አለው፣ ሌላው ድፍን ጥቁር ሆኖ ጅራቱ አጭር ነው። ግራጫ አንገት ያለው ከመሰላችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ያዙ፣ የዚያኑ ዕለት ንገሩን።

ፖሊስ ወይም ጥበቃ ቢያስቆመኝስ?

ሥራቸው ነው፤ ረጋ ብላችሁ አስረዱ። መታወቂያ መያዝ ግዴታ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው አይኖርም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሆነን ነው የምንሄደው። ከቆጠራው በፊት ለየቀበሌው በደብዳቤ እናሳውቃለን፤ የደብዳቤውን ቅጂ የቡድኑ መሪ ይይዛል።

ኤርፖርቱና ወታደራዊ ቦታ አጠገብ ባይኖኩላርም ካሜራም አይወጣም። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ወደ ሰው ግቢ፣ ወደ በረንዳና ወደ መስኮትም አታነጣጥሩ፤ ወፉ እዚያ ቢያርፍ ይቅር። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግቢ ውስጥ ያረጁ ዛፎች ስላሉ ደስ የሚል ቦታ ነው፤ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው ራሱ ጉጉቷ የት እንደምታድር ያሳያችኋል።

አበል አለው?

የለውም። መመዝገቢያም አንጠይቅም። ስንጨርስ ሻይ አብረን እንጠጣለን፤ ሻዩን እያንዳንዱ ለራሱ ይከፍላል።

ልጆች ይዤ መምጣት እችላለሁ?

በደንብ። የልጅ ዓይን ከትልቅ ሰው ይፈጥናል። ከስምንት ዓመት በታች ለሆኑት ግን ሁለት ሰዓት ይረዝማል፤ አጭሩን የከዚራ መንገድ እንሰጣችኋለን።

ወንጭፍ ያለው ልጅ ይዞት ቢመጣ አንቆጣውም። ወፍ የት እንዳለ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ደብተሩን ስጡት፣ እሱ ይጻፍ።

በበጋ ውሃ ባስቀምጥላቸው ጥሩ ነው?

ጥሩ ነው፤ ሰፋ ባለ ጥልቀት በሌለው ዕቃ። ግን ውሃውን በየቀኑ ድፉትና ዕቃውን ፈትጋችሁ እጠቡት። ድሬ የደንጊ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው፤ እንቁላሏም ዕቃው ጎን ላይ ተጣብቆ ይቆያል። በየቀኑ መቀየር የማትችሉ ከሆነ ባታስቀምጡ ይሻላል። ይልቅ ግቢያችሁ ያለውን ቁርቁራ ወይም ሮቃ አትቁረጡት።

የሞተ ወፍ ባገኝስ?

በባዶ እጅ አትንኩት። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን ጻፉ። ብዙ ወፍ አንድ ቦታ ላይ ሞቶ ካገኛችሁ መርዝ ወይም በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለከተማው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የወደቀ ትልቅ አሞራ ከሆነ የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ለይታችሁ ያዙ። እግሩ ላይ ቀለበት ካለ ቁጥሩንና ፊደሉን ሳታስቀሩ ገልብጡ፤ ቀለበቱን ያሰረለት ሰው የት አገር እንዳለ በዚያ ይታወቃል።

ሐሮማያ ድረስ ትሄዳላችሁ?

የከተማው ቆጠራ አይደርስም። ግን በማግሥቱ የሚችል ሰው ደንገጎን ወጥቶ ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ቢቆጥር ደስ ይለናል። ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ሐሮማያና አደሌ ሐይቆች ለወፍ ጠቃሚ ተብለው ከተመዘገቡ የአገራችን ቦታዎች ናቸው። ውሃው ሲመለስ የትኛው ወፍ ቀድሞ መጣ፣ የትኛው ገና ነው የሚለውን ለማወቅ የሚያስፈልገው ዳር ቆሞ የሚቆጥር ሰው ነው። ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጃኬት ያዙ።

ቁጥሩ በመጨረሻ የት ይሄዳል?

ወረቀቶቹ የዚያኑ ዕለት ይሰበሰባሉ። አጠራጣሪ ነገር ካለ የጻፈው ሰው ሳይረሳው እንጠይቃለን። ከዚያ ኢበርድ ላይ እናስገባዋለን። ኢበርድ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ላቦራቶሪ የሚያስተዳድረው ነፃ መዝገብ ነው፤ ማንም ሰው ከየትኛውም አገር የቆጠረውን ያስገባል፣ ተመራማሪም ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ ማጣቷ የታወቀው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት በሰበሰቡት ቁጥር ነው። ከጠፉት ብዙዎቹ ደግሞ ተራ የሚባሉት ነበሩ።

አንድ ቅጂ እዚሁ ከተማ ይቀራል። ዛፍ ሊቆረጥ ወይም መንገድ ሊሰፋ ሲታሰብ «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የምናሳየው ወረቀት እንዲኖረን እንፈልጋለን።

ዘንድሮ ካመለጠኝስ?

ከቤታችሁ ወይም ከሥራ ቦታችሁ የሚታይ አንድ ዛፍ ምረጡ። በወር አንድ ጠዋት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቁጠሩ። ቀን፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ሰዓት፣ የወፍ ዓይነት፣ ቁጥር። በሚቀጥለው ጥር ደብተሩን ይዛችሁ ባቡር ጣቢያው ጋ ኑ፤ አሥራ ሁለቱንም ገጽ እንመዘግበዋለን።